እሳት ሳይነሣ ስለ መዘጋጀት

ልጆች ሆይ፥ ከትክል ድንጋይ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩባቸው የስሜን ተራሮች አሉ። በ2011 ዓመተ ምሕረት በመጋቢትና በሚያዝያ በዚያ እሳት ተነሥቶ ጓሳውን በላ። የአገሩም ሰው ማንም ሳያስገድደው ወጥቶ በቅጠልና በአፈር መታው፤ ነገር ግን ጠፋ የተባለው እሳት እንደ ገና ተነሣ። ኋላም እሳት ማጥፋት የተማሩ ሰዎች ከእስራኤል አገር ለእርዳታ መጡ።

የአገሩ ሰው ድፍረት አልጎደለውም፤ ድፍረት ግን ትምህርት ይሻል። ነፋሱ እሳቱን በሚነዳበት ወገን መቆም ሞት ነው። ከእሳቱ ራቅ ብሎ ሣሩን አጭዶ አፈሩን መግለጥ ይገባል፤ እሳት የሚበላው ሲያጣ ይቆማልና። ረመጡንም ሌሊቱን ሁሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን የሚያወጣውስ? ይህ በደኅና ቀን ይመከራል እንጂ በጢስ መካከል አይመከርም።

በ1927 ዓመተ ምሕረት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን የመጀመሪያ እርዳታ ያስተምራል። እሳት የነካው ገላ 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ሊፈስበት ይገባል። ቅቤ መቀባት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ትኩሳቱን በቁስሉ ውስጥ ያስቀረዋል።