መድኃኒቱን ማቆም ወይስ መቀጠል?
ከጽኑ የአእምሮ ሕመም ላገገሙ ወገኖቻችንና ለሚረዷቸው የቀረበ ትምህርት



ከጽኑ የአእምሮ ሕመም ያገገመ ሰው ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ፣ «አሁን ደኅና ነኝ፤ ይህን መድኃኒት እስከ መቼ ነው የምወስደው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው ሐኪሙ ሳይሆን እናቱ፣ የነፍስ አባቱ ወይም የቁምስናው መምህር ነው። ስለሆነም ምን ብለን እንደምንመልስ ማወቅ ይገባናል። እዚህ የምንነጋገረው ሐኪሞች ሳይኮሲስ ስለሚሉት ሕመም ነው፤ ይኸውም ሰው የሌለ ድምፅ ሲሰማ፣ ሊያጠፉኝ ይከታተሉኛል ብሎ ሲያምን፣ ንግግሩና አድራጎቱ ከእውነታው ሲለይ የሚታየው ነው።

1. መድኃኒቱ የሚሠራው ሥራ

የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን በ1952 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን፣ በየወሩ ገደማ በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፌናዚንም ተጨምረዋል። እነዚህ መድኃኒቶች ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ሥራ በመግታት ሕመሙን ያረጋጋሉ፤ ሥሩን ግን ነቅለው አይጥሉም። እንግዲህ ደኅና መሆን መድኃኒቱ አላስፈለገም ማለት ሳይሆን፣ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

በ2012 እ.ኤ.አ. 65 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ታትሞ ነበር። በዚያ መሠረት ስኪዞፍሬኒያ ከተባለው ሕመም ከተረጋጉት መካከል መድኃኒቱን ከቀጠሉት 100 ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 27 ያህል ሲሆኑ፣ ካቆሙት 100 ግን 64 ያህል ነበሩ። ሕመሙም በማግሥቱ ላይመለስ ይችላል፤ ሳምንታት ወይም ወራት ሊቆይ ይችላል። ብዙዎች «ይኸው ትቼው ደኅና ነኝ» ብለው የሚታለሉት በዚህ ነው።

2. ሕመምተኛው ለምን ማቆም ይፈልጋል?

ማቆም የሚፈልገውን ሰው ሰነፍ ወይም እልኸኛ ማለት አይገባም። መድኃኒቱ እንቅልፍ ያበዛል፣ ያወፍራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ያደርቃል፤ በትዳርም ድካም ያመጣል። በሽሮ ሜዳ ሸማ እየሠራ የሚኖር ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥበት መወርወሪያውን እንዴት ይያዝ? ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኃኒቱን በመለወጥ ብዙ ጊዜ ይቃለላልና ለሐኪሙ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ሌላም ምክንያት አለ። በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ከሚተዉባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የምግብ እጦት መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒቱ የመብላት ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፤ ቤቱ የሚበላ ያጣ ሰው ረሃቡን ለመቻል ሲል መድኃኒቱን ይተዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «መድኃኒትህን ውሰድ» ብሎ መገሠጽ ብቻውን ምን ይጠቅመዋል?

3. ጸሎት፣ ጠበልና መድኃኒት

ከጉለሌ በላይ ባለው በእንጦጦ ብዙ ሕሙማን ለጠበል ይመላለሳሉ። ጸሎትን የሚሻ ሰው መልካምን ይሻል፤ አደጋው «እምነት ካለህ መድኃኒቱን ጣል» የሚል ምክር ሲጨመርበት ነው። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፣ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ ነውር እንዳልሆነ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ አስተምረዋል። ትምህርቱ ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ይህንኑ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ ያሳየናል። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1673 የአእምሮ ሕመም የሕክምና ጉዳይ መሆኑን ይገልጻል፤ ክፉ መንፈስን የማስወጣት ጸሎት ከመደረጉ በፊትም ነገሩ ሕመም አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ያዝዛል። ምሥጢረ ቀንዲልም የሚሰጠው ከሕክምናው ጋር እንጂ በሕክምናው ፈንታ አይደለም። ጾምም ለመድኃኒት መተው ምክንያት አይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም ግዴታ አታስርም።

4. ውሳኔው እንዴት ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ሕመምተኛው ከተረጋጋ በኋላ መድኃኒቱ ቢያንስ ለ12 ወራት እንዲቀጥል ይመክራል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለሁሉ አንድ አይደለም። በኔዘርላንድ 103 ሰዎች ለሰባት ዓመት ተከታትለው በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በሐኪም ክትትል መጠኑን ቀንሰው ወይም አቁመው ከነበሩት መካከል መጀመሪያ ላይ ያገረሸባቸው በዝተው ነበር፤ በመጨረሻ ግን በሥራና በኑሮ ጭምር ያገገሙት ከ100 እጅ 40፣ በቀጠሉት ዘንድ 18 ያህል ሆኑ። በእንግሊዝ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ጽኑ ማገርሸት በቀነሱት ከ100 እጅ 25፣ በቀጠሉት 13 መሆኑን አገኘ፤ በኑሯቸውም ለውጥ አላየም። ስለዚህ «ሁሉም ያቁም» ወይም «ማንም አያቁም» ማለት አንችልም።

የምንችለው የሚከተለውን መምከር ነው፦

ሀ) ውሳኔው የሕመምተኛው፣ የሐኪሙና የቤተሰቡ የጋራ ይሁን። ሕመሙ ስንት ጊዜ ተመላለሰ? በታመመ ጊዜ ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት ሞክሯል? ጫት ወይም መጠጥ አለ? አብሮት የሚኖር አስታማሚ አለው? እነዚህ ሁሉ ይመዘኑ።

ለ) መድኃኒቱ በአንድ ቀን አይቋረጥ፤ ሐኪሙ በሚያዘው መሠረት በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነስ። ነፍሰ ጡር የሆነች እናትም ፈርታ በራሷ አታቋርጥ፤ ፈጥና ሐኪሟን ታማክር።

ሐ) ለመቀነስ የተረጋጋ ጊዜ ይመረጥ። ሐዘን፣ ሠርግ፣ ፈተና ወይም የሥራ መጥፋት ባለበት ወቅት አይጀመር።

መ) የማገርሸት ምልክቶች በጽሑፍ ይያዙ። የእንቅልፍ መጥፋት፣ ከሰው መሸሽ፣ ጥርጣሬና ቁጣ ከታዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪሙ ይኬድ። «ሙት» ወይም «ግደል» የሚል ድምፅ የሚሰማ ሰው ብቻውን አይተው፤ እዚሁ ጉለሌ ወደሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል በዚያው ዕለት ይወሰድ።

5. የቁምስናው ድርሻ

እኛ ካህናትና መምህራን መድኃኒት አናዝም፤ አናስቆምምም። «ለምን ማቆም ፈለግህ?» ብለን በትዕግሥት መስማት ግን እንችላለን። ወደ ቀጠሮው አብረነው መሄድ፣ ምሥጢሩን መጠበቅ፣ «እብድ» ከሚለው ስም መከላከል፣ የበጎ አድራጎት ማኅበራችንም ለቤቱ እንጀራ እንዳይጎድል ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። ብቻውን የሚወስን ሰው በምሥጢር ያቆማል፤ ሕመሙ ሲመለስበትም አፍሮ ይደበቃል። ሰው ያለው ግን ቢቀጥልም ቢቀንስም የሚያየው ዓይን፣ የሚደግፈው እጅ አለው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ሰዎች መድኃኒታቸውን የሚተዉት በምን ምክንያት ነው?
2. ጸሎትና ሕክምና አብረው እንደሚሄዱ ለቤተሰብ እንዴት እናስረዳለን?
3. በቁምስናችን ለአንድ ሕመምተኛ ምግብና የመጓጓዣ ወጪ ለመቻል ምን ማድረግ እንችላለን? ማንስ ይጀምር?