የሶላት ሰዓት ሰሌዳን በአንድ ፋይል፦ ለድረ ገጽ አዘጋጆች አጭር ትምህርት

በ2025 ረመዳን የገባው ማርች 1 ነበር፤ ማርች 9 ደግሞ በላስ ቬጋስ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ተገፋ። የሶላት ሰሌዳው በአሥር ገጾች ላይ ለየብቻ ተጽፎ፣ ዘጠኙ ታርመው አንዱ ቢረሳስ? ኢንስፒራዳ ያለ ቤተሰብ ያንን ገጽ አይቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሊያፈጥር ይችላል።

መፍትሔው ሰሌዳውን አንድ ቦታ ብቻ መጻፍ ነው። በፒኤችፒ በሚሠራ ድረ ገጽ እንዲህ ይደረጋል፦

1. የሰሌዳውን ኮድ ከገጹ ቆርጣችሁ በራሱ ፋይል አስቀምጡ።
2. በየገጹ ሰሌዳው በነበረበት ቦታ «ኢንክሉድ» የሚለውን ትእዛዝና ፋይሉ የሚገኝበትን ሙሉ አድራሻ ጻፉ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ ፋይሉን አምጥቶ እዚያው ያስገባዋል፤ ለአንባቢው የሚደርሰው የተሟላ ገጽ ነው።
3. አርማችሁ ስትጨርሱ ሁለት ሦስት ገጾች ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ፋይሉ ካልተገኘ «ኢንክሉድ» ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቀሪውን ገጽ ያሳያል፤ «ሪኳየር» ግን ሥራውን እዚያው ያቆማል። ለግርጌ ጽሑፍ የመጀመሪያው ይበቃል። ያለ እሱ ገጹ ሊሠራ የማይችል ፋይል ከሆነ፣ ለምሳሌ የዳታቤዝ መገናኛው፣ ሁለተኛውን ተጠቀሙ።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ፦ የሚገባውን ፋይል ስም ከሊንክ ወይም ከአንባቢ በቀጥታ አትቀበሉ። ተንኮለኛ ሰው በዚያ በኩል የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል ሊያስነብብ ይችላል። ስሙን ራሳችሁ ኮዱ ውስጥ ጻፉት።

ከዚያ ወዲያ ሰዓት ሲቀየር የምታርሙት አንድ ፋይል ብቻ ነው።