አዲስ ሥራና የምክር ሰዓት

በዩኒቨርሲቲ ሳለ የሥነ ልቡና አማካሪ ዘንድ በየሳምንቱ ይመላለስ የነበረ ተማሪ፥ ተመርቆ ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ወር ቀጠሮውን ቢተው፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መዳኑ ሳይሆን ሰዓት ማጣቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች አንዲት ሰዓት ነው፤ የዘንድሮ ተመራቂዎችን ይጠቅም ይሆናል።

ምክር በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የነፍስ አባት ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ጠብ ሲነሣም ሽማግሌ ይጠራል። የሥነ ልቡና ምክር ግን በሰዓት የታሠረ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፥ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1913 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሕክምና አጀማመር ባወጣው ጽሑፍ፥ ለእያንዳንዱ ታካሚ የተወሰነ ሰዓት እንደሚሰጠው፥ ሰዓቱም የታካሚው ስለ ሆነ ባይመጣበት እንኳ ሒሳቡን እንደሚከፍል ያስረዳል። ታካሚዎቹን በሳምንት ስድስት ቀን ያይ ስለ ነበር፥ የእሑድ ዕረፍት ብቻ ሥራውን እንደሚያደበዝዘው፥ ሰኞ ዕለት ቅርፊት የመሰለ ነገር ይዞ እንደሚገኝ በቀልድ ይናገር ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን የሚጠፋን ሠራተኛ የትኛው አለቃ እንደሚታገሠው እንጃ! ቁም ነገሩ ግን ለእኛም ይሠራል፤ ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው በሦስተኛው መምጣት ያፍራል።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይወስናል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ 10 ሳምንት፥ ማለትም 10 ቀጠሮ ነው። በዚህ ጊዜ ለሥራው ተስማሚ አይደለም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ሙከራውን ለጨረሰ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድም፥ 16 የሥራ ቀን የሆነው፥ ዓመቱ ከሞላ በኋላ ነው። እንግዲህ ጭንቀት የሚበዛበት ወቅትና ፈቃድ የሌለበት ወቅት አንድ ላይ ገጠሙ ማለት ነው።

ያው አዋጅ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ካዘዘ በኋላ፥ የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ቀኖች ላይ ማደላደልን ይፈቅዳል፤ ጭማሪው ግን በቀን ከ2 ሰዓት ማለፍ የለበትም። «መብቴ ነው» ብሎ በዚህ መከራከር አያዋጣም። ሆኖም «ሐሙስ አንድ ሰዓት ቀድሜ ልውጣ፥ ሰኞና ማክሰኞ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ልጨምር» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያልተሰማ ነገር አላመጣም።

መቼ ይጠየቅ? በእኔ አስተያየት ውሉ ሲፈረም ወይም በመጀመሪያው ሳምንት። ያን ጊዜ የተነገረ ነገር እንደ ደንብ ይቆጠራል፤ በሁለተኛው ወር የተነገረ ግን እንደ ልግመት ይታያል። «በየሳምንቱ የሕክምና ቀጠሮ አለብኝ፥ ሰዓቱን እተካለሁ» ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ መዘርዘር ግድ አይደለም፤ በቢሮ ውስጥ ወሬ ከፋይል ይፈጥናል።

ከእኛ ቀድሞ የተመረቀ አንድ ወዳጃችን በምሳ ሰዓት ሞክሮት ነበር። የታክሲው ሰልፍ ብቻውን ግማሹን ሰዓት በላው፤ ከሁሉም የከፋው ግን ያለቀሰ ዓይን ይዞ ተመልሶ ባለ ጉዳይ ፊት መቀመጡ ነበር። ከምክር በኋላ ጥቂት በእግር የሚሄዱበት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ይህንንም በሒሳቡ ማስገባት ነው። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ምሳ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለ ሆነ ለዚህ ይመቻል፥ ጁምዓ ለሚሰግድ ሠራተኛ ግን ሰዓቱ የተያዘ ነው። ወዳጃችን በመጨረሻ ከአማካሪው ጋር ተስማምቶ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአካል፥ በመካከሉ ባለው ሳምንት ደግሞ ማታ በስልክ አደረገው። የተከራየው ክፍል ግድግዳ ስስ በመሆኑ፥ ስልኩን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይወጣና ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያወራል።

ቀጠሮውን ማራራቅ ቢያስፈልግ እንኳ ከአማካሪው ጋር ተነጋግሮ ማራራቅና ድምፅን አጥፍቶ መቅረት የተለያዩ ናቸው። የግቢው አገልግሎት ለተማሪ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፥ ተመራቂው የተማሪነት መታወቂያውን ከመመለሱ በፊት «ከዚህ በኋላ ማን ዘንድ ልሂድ?» ብሎ አማካሪውን ይጠይቅ፤ የመጀመሪያውንም ቀጠሮ ሥራ ከሚጀምርበት ቀን አስቀድሞ ያስይዝ።