ቆሮሶን በኩሬ ማርባት፦ አራት ዘዴዎች ሲነጻጸሩ

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት፣ ስለ ዓሣ እርባታ ስናነሣ የምንናገረው ስለ ሐይቅ፣ ስለ ወንዝና ስለ ኩሬ ነው። በዚህ ጽሑፍ የከሚሴን አካባቢ በምሳሌነት ወስደን፣ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች የሚረባውን ቆሮሶን በኩሬ የማርቢያ ዘዴዎች እናነጻጽራለን።

ቆሮሶ በሚገባ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱ ይዳከማል። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የምትገኘው ከሚሴ ከፍታዋ 1400 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከደሴ ደጋ ይልቅ ለዚህ ዓሣ ትስማማለች።

ችግሩ ምንድን ነው?

ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው ይራባል። እናቲቱ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። አንድ ኩሬ 60 ኪሎ ግራም ዓሣ መመገብ ይችላል እንበል። በውስጡ 400 ዓሦች ቢኖሩ ለእያንዳንዱ 150 ግራም ይደርሰዋል፤ ተራብተው 2000 ቢሆኑ ግን 30 ግራም ብቻ ይሆናል። ገበሬው የደከመበት ኩሬ ለገበያ በማይበቁ ድንክ ዓሦች ይሞላል ማለት ነው።

አራቱ ዘዴዎች

1. ወንድና ሴት ቀላቅሎ ቶሎ ማጥመድ፦ ወጪው አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ዓሣው ሳይተልቅ መውጣት አለበት።

2. ወንዶቹን በእጅ መለየት፦ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲደርሱ በሆዳቸው በኩል ያሉት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት አላት። ወንዱ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሴቷ ግን ጫጩት በአፏ ስትይዝ አትመገብም። ጉድለቱ፣ ግማሽ ያህሉ ጫጩት መወገዱና በስሕተት የገቡ ጥቂት ሴቶች ድካሙን ማበላሸታቸው ነው።

3. በሆርሞን ወንድ ማድረግ፦ ጫጩቶቹ መመገብ እንደጀመሩ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሆርሞን የተቀላቀለበት መኖ ይሰጣቸዋል። በአግባቡ ሲሠራ ከመቶ 95ና ከዚያ በላይ ወንድ ይገኛል። ሆኖም የተደራጀ ማራቢያና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል።

4. ከአምባዛ ጋር ማርባት፦ አምባዛ የቆሮሶን ጫጩቶች እየበላ ብዛታቸውን ይቆጣጠራል፤ ራሱም ለምግብ ይውላል። ሲጨመር ግን መጠኑ ከቆሮሶው ማነስ አለበት፤ አለዚያ ዋናውን ዓሣ ይበላዋል።

የትኛው ይሻላል?

ማራቢያ ጣቢያ በቅርብ ለሌለው የከሚሴ አካባቢ ገበሬ፣ በእኛ አስተያየት ሁለተኛውንና አራተኛውን ማጣመር ይመረጣል። በእጅ ሲለይ ያመለጡ ሴቶች ቢራቡ፣ አምባዛው ጫጩቶቹን ይቀንሳል።

ከዘዴው አስቀድሞ ግን የውኃው ምንጭ ይታሰብ። የቦርከና ወንዝ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚደርሰው ኮምቦልቻን አልፎ ነው፤ የከተማዋ ፋብሪካዎች ፍሳሽም ወደ ገባሮቹ እንደሚገባ ጥናቶች አሳይተዋል። እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በዓሣ አካል ውስጥ ሊጠራቀሙ ስለሚችሉ፣ ንጹሕ የምንጭ ውኃ ማስቀደም፣ የወንዙን ለመጠቀም ከተገደዱም በቅድሚያ በላቦራቶሪ ማስመርመር ይገባል። ዘዴው የዓሣውን መጠን ይወስናል፤ ዓሣው ለማዕድ መብቃቱን የሚወስነው ግን ውኃው ነው።