ማሳሰቢያ፦ የእኛ ወለል የሌላ ሰው ጣራ ነው



ይህን ማሳሰቢያ የጻፈው ኮሚቴም መሥሪያ ቤትም አይደለም። እንደ እናንተው ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ፣ የውሃ ፈረቃ ጠብቆ ሌሊት የሚነሳ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነው። ጉዳዩም እዚህ ግባ የማትባል ዕቃ ናት፦ ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ከሽንት ቤቱ ታንከር ጎን፣ ከቦይለሩ ታች የምትገጠመው ፍሌክሲብል። ጥግ ይዛ ስለምትቀመጥ እስክታፈስ ድረስ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ስትፈነዳ ግን ጉዳቱ በእኛ አያበቃም፤ ወደ ታች ቤት ይወርዳል።

ሂሳቡን አብረን እንየው። የተበጠሰች ፍሌክሲብል በደቂቃ 15 ሊትር ብታፈስ በሰዓት 900 ሊትር ነው። ውሃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጥቶ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቢነሳ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 180 ያህል ወለላችን ላይ ፈሷል ማለት ነው። ታች ያሉት ሰዎች ፍራሽ፣ የልጆች ደብተር፣ በከረጢት የተቀመጠ ጤፍ አላቸው። ከለገዳዲም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ስንጠብቀው የሰነበትነው ውሃም በከንቱ ይሄዳል።

ጎረቤቱን ሆን ብሎ የሚያጥለቀልቅ የለም። አብዛኞቻችን ቤቱን ስንረከብ ወይም ስንከራይ የተገጠመውን እንዳለ ተቀብለን ነው የምንኖረው። ጀሞም ሆነ አያት፣ ገላንም ሆነ የካ አባዶ ነገሩ አንድ ነው።

ፍሌክሲብሏ ውስጧ ጎማ፣ ላይዋ በስስ የብረት ሽቦ የተጠለፈ ልባስ ነው። ጎማው ውሃውን ይይዛል፤ ግፊቱን የሚችለው ግን ሽቦው ነው። ሽቦው ዝጎ ሲበጠስ ጎማው በዚያች ቀዳዳ እንደ ፊኛ ያብጥና አንድ ቀን ይፈነዳል። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ የጎማና የሽቦ ነገር ነው።

ስንገዛ

እናድርግ፦

• ከመዝጊያው እስከ ዕቃው ያለውን ርቀት ለክተን እንሂድ፤ አጥራ የተወጠረች ፍሌክሲብል አንገቷ ላይ ትለቃለች።

• ዳዶዋን በእጃችን መዘን እናድርግ፤ የብራስ ዳዶ ከበድ ይላል፣ ቀላሉ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል።

• ጫፏ ውስጥ ጎሚኒ መኖሯን እንይ፤ እዚያ ጋ ውሃውን የምታግደው እሷ እንጂ ጥርሱ አይደለም።

• የቀዝቃዛና የሙቅ ውሃውን አብረን እንቀይር፤ በአንድ ቀን የተገጠሙ አብረው ያረጃሉ።

አናድርግ፦

• ሁለት አጫጭር ፍሌክሲብሎችን በኒፕል አንቀጥል፤ መጋጠሚያ በጨመርን ቁጥር የሚያፈስ ቦታ እንጨምራለን።

• ከሌላ ቤት የወለቀች አሮጌ አንግጠም፤ ስንት ዓመት እንደሠራች የሚያውቅ የለም።

ለሴራሚኩ፣ ለመስታወቱና ለሚክሰሩ ያን ሁሉ ብር አውጥተን ፍሌክሲብል ላይ ስንደርስ «ርካሹን ስጠኝ» ማለታችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይገባኝም።

ስንገጥም

እናድርግ፦

• አስቀድመን መዝጊያውን ከፍተን ውሃውን ጥቂት ባልዲ ውስጥ እናፍስስ፤ መስመሩ ውስጥ የተኛ አሸዋና ዝገት ጎሚኒዋን ይቧጥጣል፣ ሚክሰሩንም ይደፍናል።

• ዳዶውን መጀመሪያ በጣታችን ብቻ እናዙር፤ ተዛንፎ የገባ ጥርስ በመፍቻ ቢታገሉት ይበላሻል እንጂ አይቃናም።

• በእጅ ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ብቻ እንጨምር፤ ከዚያ ካለፈ ጎሚኒዋ ትቆረጣለች።

• ወደ ሚክሰሩ የምትገባውን ቀጭን ጫፍ በእጅ ብቻ እናጥብቅ፤ በላይዋ ያለችው ክብ ጎማ ያለ ጉልበት ታሽጋለች።

• ዳዶውን ስናዞር ፍሌክሲብሏን በሌላ እጃችን እንያዝ፤ አብራ ከዞረች ሽቦዋ ተጠማዞ ይቀራል።

• ሰፋ ባለ ቅስት እናጥፋት፤ አንገቷ ሥር የተሰበረች ፍሌክሲብል ውስጧ ያለው ጎማ ቶሎ ይሰነጠቃል።

አናድርግ፦

• ጎሚኒ ባለው ጫፍ ላይ ቴፍሎን አንጠቅልል፤ ጥርሱን ያወፍርና ጎሚኒዋ በደንብ እንዳትቀመጥ ያደርጋል። የቴፍሎን ቦታው ግድግዳው ውስጥ የሚገባው የመዝጊያው (የአንግል ቫልቩ) ጥርስ ነው።

• የሽንት ቤቱን ታንከር ዳዶ በመፍቻ አንጭመቅ፤ እዚያ ያለው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነውና ሳይታወቅ ይሰነጠቃል።

• ግድግዳው ውስጥ ባለ የፒፒአር መጋጠሚያ ላይ ቃጫ አብዝተን በጉልበት አናጥብቅ፤ ስንጥቁ ከሴራሚኩ ኋላ ስለሚሆን ውሃው መጀመሪያ የሚታየው በጎረቤት ጣራ ላይ ነው።

• ፍሌክሲብልን ግድግዳ ውስጥ ቀብረን በስሚንቶ አንድፈን፤ የማይታይ ዕቃ አይፈተሽም።

• ያለ መዝጊያ በቀጥታ ከግድግዳው አንግጠም፤ ሌሊት ስታፈስ ለማቆም ወደ ዋናው መዝጊያ መሮጥ ይመጣል።

ገጥመን ስንጨርስ ደረቅ ሶፍት ወስደን በእያንዳንዱ ዳዶ ዙሪያ እናሳልፍ። ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍቱ ላይ እናገኘዋለን፤ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላም እንድገመው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የምታንጠባጥብ ዳዶ በቀን 4 ሊትር ገደማ ታፈስሳለች፤ ይህ ሁሉ በሴራሚኩ መገጣጠሚያ ገብቶ ኮንክሪቱን ሲያረጥብ ይከርማል።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ የራሱ ጣጣ አለው። ቧንቧ ሠራተኛው የሚመቸው ቀን ብዙ ጊዜ ውሃ የሌለበት ቀን ነው። ገጥሞ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ ሥራ አላለቀም፤ ውሃ መጥቶ ግፊቱ ሳይፈትነው የተገጠመ ዕቃ ገና ያልታየ ዕቃ ነው። ስለዚህ ከሠራተኛው ጋር ስንዋዋል «ውሃ በመጣ ቀን ተመልሰህ ታየዋለህ» ብለን እንስማማ፤ እስከዚያው ድረስም አንግል ቫልቩን ዘግተን እንቆይ። ደህና ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም።

በረኪናውን ከዚያ እናውጣ

ብዙዎቻችን የበረኪና ጠርሙስ የምናስቀምጠው የት ነው? ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ልክ ከፍሌክሲብሏ አጠገብ። የጠርሙሱ ክዳን ላላ ካለ የሚወጣው ትነት በተዘጋው ቦታ ይታፈናል። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ «አይዝግም» የተባለውን ስቴንለስ ሳይቀር ይበላል። ሽቦው ጸጉር የሚያህል ቀጭን ስለሆነ ለመበጠስ ጊዜ አይፈጅበትም። ለንጽህና ብለን ያስቀመጥነው ነገር ነው ዕቃችንን የሚጨርሰው።

• በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ሕፃናት በማይደርሱበት፣ አየር በሚገባበት ሌላ ቦታ እናስቀምጥ፤ ለልጆቻችንም ለፍሌክሲብላችንም ይበጃል።

• ስናጸዳ የተረጨባትን በንጹህ ውሃ አብሰን እናድርቅ፤ የደረቀው ቅሪት ዝም ብሎ መብላቱን ይቀጥላል።

• በወር አንድ ጊዜ በባትሪ መብራት እንያት፤ መጥፎ ምልክቱ ትንሽ ነው።

ምልክቱ ይህን ይመስላል። ሽቦው ከዳዶው ጋር በሚያያዝበት አንገት ዙሪያ ቡናማ ነጠብጣብ፣ ዳዶው ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት፣ መሃሏ ላይ አበጥ ያለ ቦታ። በጨርቅ ስናብሳት ጨርቁን ይዞ የሚያስቀር የሽቦ ጫፍ ካለ ሽቦው መበጠስ ጀምሯል። በባዶ ጣት አንዳብስ፤ እንደ እሾህ ይወጋል።

• ምልክቱን ካየን በካለመዳሪያ ጠምጥመን አንለፍ፤ ጥምጥሙ ጠብታውን ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ ፍንዳታውን አያስቀርም።

• ምልክት ባይኖራትም ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ እንቀይራት፤ ጎማው ከውስጥ ሲደርቅ ከውጭ አይታይም። የተገጠመችበትን ወርና ዓመት በወረቀት ፕላስተር ጽፈን አጠገቧ እንለጥፍ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት

ውሃ ሲሄድ መስመሩ አየር ይሞላል። ሲመለስ አየሩን እየገፋ፣ ቧንቧውን እያስጓራ ነው የሚመጣው፤ ያን ድንገተኛ ምት ፍሌክሲብሏ ትቀበለዋለች። በዚያ ላይ ሌሊት ተጠቃሚው ስለሚያንስ ግፊቱ ከቀኑ ይበረታል። ያረጀች ፍሌክሲብል ሁላችንም በተኛንበት ሰዓት ብትፈነዳ አይግረመን።

እናድርግ፦

• ከፍተነው ውሃ ያጣንበትን ቧንቧ ያኔውኑ እንዝጋ፤ «ሲመጣ እሰማዋለሁ» ብሎ የተኛ ሰው ብዙ ጎረቤት አርጥቧል።

• ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ከቤት ውጭ ስናድር ዋናውን መዝጊያ እንዝጋ፤ ባዶ ቤት የፈነዳችውን የሚያቆም ሰው የለም።

• ለበዓል ወይም ለለቅሶ አገር ቤት ስንሄድ ቁልፍ ለምናምነው ጎረቤት እንተው፤ በር መስበርም ቤት መጥለቅለቅም ይቀራል።

• መዝጊያዎቹን በየሁለት ሦስት ወሩ ዘግተን እንክፈታቸው፤ ሳይነኩ የከረሙ መዝጊያዎች በጭንቅ ሰዓት አይዞሩም።

አናድርግ፦

• ከሽንት ቤቱ ጎን ያለችውን የእጅ ሻወር በመያዣዋ ብቻ ዘግተን አንተው፤ ግድግዳው ላይ ያለው መዝጊያ ክፍት ከሆነ ቀጭኗ ጎማ ሌሊቱን ሙሉ ግፊት ተሸክማ ታድራለች።

• ያችን ሻወር ወይም የበርሜል መሙያውን ጎማ ጫፉ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ አንተው።

• ፓምፕ ከመስመሩ ጋር በቀጥታ አንግጠም፤ ላይ ቤት ያሉት የሚደርሳቸውን ውሃ መሳብ ነው።

የጎማውን ነገር ላብራራ። ውሃ ሲቋረጥ መስመሩ ባዶ እየሆነ ወደ ኋላ ይስባል። ያን ጊዜ የጎማው ጫፍ በባልዲ እጣቢ ወይም በሽንት ቤቱ ጎድጓዳ ውስጥ ከተነከረ፣ ያ ቆሻሻ ወደ ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ያው ነው፤ ምናልባትም በጎረቤት ማሰሮ ውስጥ። ፓምፕም ይህን ወደ ኋላ መሳብ ያብሰዋል። የጎማውን ጫፍ ከበርሜሉ አፍ በላይ ማንጠልጠል አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ሕፃን ያለበትን ቤት ግን ከተቅማጥ ያድናል።

ያም ሆኖ ካፈሰሰ

• መጀመሪያ መዝጊያውን እንዝጋ፣ ቀጥለን ታች ቤት እናንኳኳ፤ እነሱ ዕቃቸውን ለማንሳት ያላቸው ጊዜ እኛ የነገርናቸው ጊዜ ብቻ ነው።

• ታች ያለን ሰዎች አምፖሉ ጋ ውሃ ሲንጠባጠብ ካየን ማብሪያ ማጥፊያውን አንንካ፤ በደረቅ ቦታ ቆመን፣ በደረቅ እጅ ብሬከሩን እናጥፋ። ብሬከሩም ከረጠበ ራቅ ብለን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው እንጥራ።

• በስድብ አንጀምር፤ ላይ ያለው ሰው ስለ ነገሩ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ከእኛው ነው።

የማን ዕዳ ነው የሚለው ክርክር ሁሌም ይነሳል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ለይቷል። ደረጃው ላይ የሚያልፈውን የጋራ መስመር በማኅበር እንመካከርበት፤ ከቤታችን መዝጊያ ወዲህ ያለችው ፍሌክሲብል ግን በእኔ እምነት የእኛው ኃላፊነት ናት። ተከራዮች ምልክቱን እንዳያችሁ ለአከራይ ንገሩ፤ አከራዮችም «ራሳችሁ አሠሩት» ብላችሁ አትመልሷቸው፤ የሚበላሸው የእናንተው ቤትና የጎረቤታችሁ ጣራ ነው።

ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ጎንበስ ብለን እንያት፤ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለም ለልጆቻችንና ለቤት ሠራተኞቻችን እናሳያቸው። ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች ደግሞ ወጣቶቻችን እየገባችሁ እዩላቸው። መፍቻ የሌላችሁ፣ ጉልበታችሁ ለማጎንበስ የማይመች፣ አይታችሁ የተጠራጠራችሁ ሁሉ ሳታፍሩ የጎረቤት በር አንኳኩ።