መጀመሪያ ዳገቱን፣ ከዚያ ማርሹን

ስሚኝ እህቴ፣ አዲስ አበባ ወርደሽ ለሳይክልሽ ባለ 11 ማርሽ መቀየሪያ ልትገዢ ገንዘብ እያጠራቀምሽ ነው አሉ። አትግዢ አልልሽም። ግን ብሩ ከእጅሽ ሳይወጣ ይህን ልንገርሽ፦ መሪው ላይ የሚታሰረው እጀታ መጀመሪያ የሚመረጥ ዕቃ አይደለም፤ መጨረሻ ነው።

መጀመሪያ የምትወጪውን ዳገት አስቢ። ከሮቤ ጎባ ያለችው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አታስጨንቅሽም፤ ባለሽ ማርሽም ትመላለሺባታለሽ። ፈተናው ከጎባ በላይ ነው። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳነቴ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ስትደርሺ የምትስቢው አየር ባሕር ጠረፍ ካለው ኦክስጅን 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚሰጥሽ። ያን ጊዜ እግርሽ የሚፈልገው ብዙ ማርሽ ሳይሆን ቀላል ማርሽ ነው።

አሁን የፊቱ ትንሹ ጥርስሽ ባለ 39፣ የኋላው ትልቁ ባለ 25 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። የኋላውን 34 ብታደርጊው 2.4 ሜትር ይሆናል። የፊቱንም 34 ካደረግሽው 2.1 ሜትር ይወርዳል፤ ዳገቱ ከሲሶ በላይ ቀለለልሽ ማለት ነው። ግን ባለ 34ቱ የፊት ጥርስ አሁን ባለሽ ክራንክ ላይ አይታሰርም፤ የብሎኖቹ ክብ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ክራንክ ይፈልጋል። ገንዘብሽ ካልበቃ የኋላውን ብቻ ቀይሪ። እሱም ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ባለ 34 ጥርሱ ካሴት (የኋላው የጥርሶች ጥቅል) ደግሞ በባለ 8ም በባለ 9ም ይገኛል።

ሁለተኛው ከካሴቱ ሥር ተንጠልጥሎ ካቴናውን ከጥርስ ጥርስ የሚያዘዋውረው ዕቃ፣ አዘዋዋሪው ነው። የእሽቅድምድም ሳይክል አጭር አዘዋዋሪ 34 ላይ አይደርስም። ረጅም እግር ያለውን ጠይቂ፤ ጂ ኤስ የሚል ምልክት ያለባቸው አዲሶቹ የሺማኖ ክላሪስና ሶራ እስከ 34 ይችላሉ።

እጀታው የሚመጣው አሁን ነው። በእያንዳንዱ ቀጭታ እጀታው የተወሰነ ርዝመት ያለው ገመድ ይስባል፤ አዘዋዋሪው ያንን አብዝቶ ካቴናውን ወደ ጎን ይገፋል። በሺማኖ ባለ 8 እጀታ በአንድ ቀጭታ 2.8 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 9 2.5፣ ባለ 10 ደግሞ 2.3 ይስባል። የእነዚህ አዘዋዋሪዎች ማብዣ 1.7 ነው፤ 2.8 በ1.7 ሲባዛ 4.8 ገደማ ይሆናል፣ በባለ 8 ካሴት ላይ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ርቀትም ይኸው ነው። ባለ 11 የአስፋልት ሳይክል እጀታ ግን 2.7 ስቦ ማብዣው 1.4 የሆነ አዘዋዋሪ ይፈልጋል። ከድሮው አዘዋዋሪ ጋር ብታጋቢው አንዱን ጥርስ ያልፋል፣ አንዱ ላይ ይንገጫገጫል፤ በማስተካከያ ብሎን የሚድን በሽታም አይደለም። ቲያግራ 4700 ባለ 10 ቢሆንም የሚስበው እንደ ባለ 11ዱ ስለሆነ አያታልልሽ፤ የድሮው ዱራ ኤስ 7400ም ከሌሎቹ ይለያል። ስራምና ካምፓኞሎ የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ ከሺማኖ ጋር አትቀላቅያቸው።

ምክሬን በአጭሩ ከፈለግሽ ባለ 8 ወይም ባለ 9 ያዢ። ባለ 11 የአስፋልት ሳይክል ካሴት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የኋላ ሞዞ ካሴት መያዣው በ1.85 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ስለሆነ የኋላ ጎማውንም መቀየር ሊኖርብሽ ይችላል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሻል። በየገበያው የምታዪው ባለ 7 ማውንቴን ሳይክል ላይ ያለው ሺማኖ ቱርኔ ግን ማብዣው ያው 1.7 ነው። አዘዋዋሪሽ ጎባ ላይ ቢሰበር ከእነዚህ የአንዱን አስረሽ በባለ 8 እጀታሽ ትሄጃለሽ፤ የባለ 7ና የባለ 8 ካቴናም አንድ ነው። ራቅ ያለ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ከማንኛውም ውበት ይበልጣል።

ፍሬኑን አደራ! የአስፋልት ሳይክል እጀታ የሚስበው የፍሬን ገመድ አጭር ስለሆነ የማውንቴን ሳይክል ቪ-ብሬክ በደንብ አይይዝለትም፤ ከሳነቴ ወደ ጎባ ስትወርጂ ደግሞ ሕይወትሽ እሱ ላይ ነው። የማርሽ ገመድ ሽፋንንም ለፍሬን እንዳታደርጊ። የማርሹ ሽፋን ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ቀጥ ብለው የተደረደሩ ናቸው፤ በኃይል ስትጨብጪ ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬኑ ሽፋን ግን ጥምዝ ሽቦ ነው።

አሮጌ እጀታ ካገኘሽ ሳትለኪ አትክፈዪ። በቀኙ እጀታ ውስጥ ገመድ አስገቢ፤ እየወጠርሽ እስከ መጨረሻው ልቀቂው። ከመውጫው ራቅ አድርገሽ ገመዱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ፤ አምስት ጊዜ ቀጭ አድርገሽ ምልክቱ ስንት እንደገባ በማስመሪያ ለኪ። ወደ 14 ሚሊ ሜትር ከገባ ባለ 8፣ 12.5 ከሆነ ባለ 9፣ 11.5 ከሆነ ባለ 10 ነው። የቀጭታዎቹንም ብዛት ቁጠሪ፤ ባለ 8 እጀታ ሰባት ጊዜ ነው የሚለው። ቀጭ ሳይል የሚያልፍ ከሆነ ግራሶው ደርቆ ሊሆን ይችላልና ዋጋውን አስቀንሺ፣ ካልሆነም ተዪው።

ስትሄጂ አሁን ያለሽን አዘዋዋሪ ፈትተሽ በቦርሳሽ ያዢ፤ ቁጥሩ ከጀርባው ተጽፏል። ሻጩ «ሁሉም ይገጥማል» ካለሽ ያንን አውጥተሽ አብረሽ አሳዪው። ካሴት፣ አዘዋዋሪ፣ እጀታ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ግዢ፣ ሦስቱ ካልተስማሙም ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ።