ትእዛዝና ወጪ፤ ስለ ድርጎ፣ ስለ ድጎማና ስለ መዋጮ

ነጋዴ ዕቃ ሲያዝ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነጋገራል። በመንግሥት ሥራ ግን አዛዡና ከፋዩ ሁልጊዜ አንድ አልነበሩም። በቀድሞው ዘመን በሰሜን አገር ድርጎ የሚባል ሥርዓት ነበረ፤ ይኸውም በንጉሥ ትእዛዝ የሚጓዝ እንግዳ በደረሰበት መንደር ሁሉ እንጀራ፣ ማር፣ ፍየልና ለበቅሎው ገብስ ይቀርብለት ዘንድ ነው። ትእዛዙ ከቤተ መንግሥት ይወጣል፤ ወጪው ግን ቤቱ ከመንገድ ዳር በሆነ ባላገር ላይ ያርፋል።

ግብር የሚለው ቃል በግእዝ ሥራ ማለት ነው፤ ኋላ ግን ባላገሩ ለጌታው የሚያገባውም፣ ጌታው ለሠራዊቱ የሚያበላውም ግብር ተባለ። ገቢና ወጪ በአንድ ስም መጠራታቸው ለሒሳብ ጸሐፊ የሚመች አይደለም። በጀት ደግሞ ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት ነበር፤ ይህን ነጋዴ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 94 የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች የየሥራቸውን ወጪ በየበኩላቸው እንዲሸፍኑ፣ ክልል በውክልና ለሚሠራው ሥራም ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ እንዲከፍል ይደነግጋል። መልካም ድንጋጌ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ጉዳይ እንጂ እንደ ደሃና ስላለ ወረዳ አይናገርም። ወረዳ የሚተዳደረው ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል ድጎማና በራሱ ገቢ ሲሆን፣ ከዚህም ታላቁ ድርሻ ለደመወዝ ይውላል።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለማጥፋት ያወጣው ውሳኔ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዋግ ከተማ ስም ተጠራ። ለጤና፣ ለእርሻ፣ ለውኃና ለትምህርት መሥሪያ ቤቶችም የሥራ ድርሻ ተመደበላቸው። ዓላማውን የሚነቅፍ የለም፤ በአምደ ወርቅ ሱቁን ከፍቶ ለተቀመጠ ሰው ጥያቄው ቧንቧውን የሚገዛው ማን ነው የሚለው ነው።

ከረጢቱ ባዶ ሲሆን የሚመጣው ቃል መዋጮ ነው። በዕድርና በማኅበር መዋጮ ማለት አባላቱ ራሳቸው መክረው የሚያወጡት ገንዘብ ነው። መጠኑና ቀኑ ተቈርጦ በደብዳቤ የሚደርስ ግን፣ ስሙ መዋጮ ቢሆንም፣ ጠባዩ ወደ ግብር ያደላል፤ ግብር ደግሞ ያለ ሕግ አይጣልም። ስለዚህ ነጋዴው ሕጉ የትኛው እንደ ሆነ በአክብሮት ሊጠይቅ፣ በፈቃዱ ከሰጠም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሊቀበል ይገባዋል። የዓመቱ ሒሳብ ሲመረመር ደረሰኝ የሌለው ክፍያ በወጪነት አይያዝለትምና።